«የካቶሊክ ነው» ያስባለው ፊልም፦ በአንድ የሳቢያን ግቢ የተነሳ ክርክር

ጉዳዩ የተነሳው ቀዳም ስዑር ከሰዓት በኋላ ነው። ቦታው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ። አራት ቤት አለው። ባለቤቷ እማማ ናት። ሰባ ዓመት አልፏታል። ቁልቢ ገብርኤልን በእግሯ ሄዳ የተሳለመችባቸውን ዓመታት ዛሬም አንድ በአንድ ትቆጥራለች። በድሬ ወግ ሁላችንም «አንቺ» ነው የምንላት።

ከጎኗ ባለው ቤት የበኩር ልጇ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ይኖራል። ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ፕሮቴስታንት ሄዷል። የሴት ልጇ ልጅ ደግሞ ከእሷ ጋር ያድራል። የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነው፣ ጠንካራ ልጅ። ሦስተኛው ቤት የቲቸር ነው። ቲቸር ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ በካቶሊክ ሚሲዮኑ አጠገብ ያደገች ካቶሊክ ናት። ሕፃናት ታስተምራለች። በዚህ ግቢ 11 ዓመት ኖራለች። አራተኛው የኔ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ሁሉም ፈቅደውልኛል።

የዚያን ቀን ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥም ነበር። ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ አወጣነው። እማማ ጠዋት ከቤተክርስቲያን ያመጣችውን ቄጤማ ራሷ ላይ አስራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። የልጅ ልጇ በፍላሽ ያመጣውን ፊልም ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የሜል ጊብሰን ፊልም ነው፣ «ዘ ፓሽን ኦቭ ዘ ክራይስት»። ሰዎቹ የሚናገሩት በአረማይክና በላቲን ነው። ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ አለው። ጌታ በጌቴሴማኒ «አባ» ብሎ ሲጣራ እማማ ጽሑፉን አልጠበቀችም። ቃሉ የራሷ ቃል ነው።

ግርፋቱ አለቀ። የጲላጦስ ሚስት ለእመቤታችን ነጭ ጨርቅ ሰጠቻት። እመቤታችንና መግደላዊት ማርያም ተንበርክከው መሬት ላይ የፈሰሰውን ደም በጨርቁ ማበስ ጀመሩ። እማማ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። «እመቤቴን! ምን አንጀት ቻለው!»

ልጇ ከወንበሩ ተነሳ። «አቦ ይሄን ነገር አቁሙት! ወንጌል ላይ የት አለ? የካቶሊክ ነው። ማርያምን ለማንገሥ ያስገቡት ነው።»

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጅ ይከራከረዋል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን፣ «ልክ ነህ ጋሼ፣ የካቶሊክ ነው። የኛ ሕማማት እንዲህ አይደለም» አለ።

በሃይማኖት ጉዳይ አንድ ቀን ተስማምተው የማያውቁት አጎትና የእህት ልጅ በዚህች አንዲት ቃል ተስማሙ። ቲቸር የተቀመጠችበትን ዱካ አነሳች። ቤቷ ገባች። በሯን ዘጋች።

በማግሥቱ ፋሲካ ነው። በኛ አገር ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ፋሲካን ከኦርቶዶክሱ ጋር በአንድ ቀን ያከብራል። ጾሙን በዶሮ የምንፈታው እማማ ቤት ነው። ቲቸር አልመጣችም። በ11 ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። እማማ ልጅ ላከችባት። «አሞኛል» አለች። ማናችንም አላመንንም።

ፊልሙን እንደገና ሳየው

ማክሰኞ ማታ ፊልሙን ብቻዬን ከፈትኩት። አጠገቤ አራቱ ወንጌላት፣ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ አለ። አንድ ነገር ማወቅ ፈልጌ ነበር። ከዚህ ፊልም ውስጥ በእርግጥ የካቶሊክ የሚባለው የቱ ነው?

እውነቱን ለመናገር፣ አለ። ብዙም ነው። ጊብሰን ወግ አጥባቂ ካቶሊክ ነው። ጌታን ሆኖ የሠራው ጂም ካቪዘልም ካቶሊክ ነው። ከወንጌል ውጭ ያሉት ትዕይንቶች ብዙዎቹ የመጡት አና ካተሪና ኤመሪክ ከምትባል ጀርመናዊት መነኩሲት ራእይ ነው። ኤመሪክ የኖረችው እ.ኤ.አ. ከ1774 እስከ 1824 ነው። የአልጋ ቁራኛ ነበረች። ክሌመንስ ብሬንታኖ የተባለ ገጣሚ አጠገቧ እየተቀመጠ የምትናገረውን ይጽፍ ነበር። መጽሐፉ የወጣው በ1833 ነው፣ ከሞተች በኋላ። የጲላጦስ ሚስት ጨርቅ መስጠቷ፣ ደሙ መታበሱ፣ ጌታ በሰንሰለት እንደታሰረ ከድልድይ መውደቁ፣ ሁሉም ከዚያ ነው። ወንጌል ላይ የጲላጦስ ሚስት ያላት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ማቴዎስ 27፥19። ሕልም አይታ መልእክት ላከች፣ አለቀ።

ሌላው ምንጭ ካቶሊኮች ፍኖተ መስቀል የሚሉት ጸሎት ነው። 14 ምዕራፍ አለው። ቁጥሩ በ14 የጸናው እ.ኤ.አ. በ1731 ነው። ጌታ ሦስት ጊዜ ይወድቃል። በመንገድ ከእናቱ ጋር ይገናኛል። ቬሮኒካ የምትባል ሴት ፊቱን በመሐረብ ትጠርግለታለች። ፊልሙ ላይ ሁሉም አሉ። መጨረሻ ላይ እመቤታችን የልጇን ሥጋ ታቅፋ ወደ ካሜራው ታያለች። የማይክል አንጄሎን የሮም ቅርጽ በፎቶ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

እንግዲህ የእማማ ልጅ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ቃሉን ሁሉም ነገር ላይ መለጠፉ ላይ ነው። ቁራው የወንበዴውን ዓይን ሲያወጣ፣ ሰይጣን አስቀያሚ ሕፃን ታቅፎ ሲሄድ፣ ልጆች ሰይጣናዊ መልክ ይዘው ይሁዳን ሲያሳድዱት የምናየው የማንም ቤተክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ፊልም ሠሪው ለፊልሙ ያመጣው ነው። ደግሞ እናት በመስቀሉ ሥር መቆሟ የካቶሊክ ብቻ ነው የሚል ካለ ዮሐንስ 19፥25ን ያንብብ።

በዚህ ላይ ግን ማለፍ የማልችለው አንድ ነገር አለ። ግርፋቱ። ወንጌላት ግርፋቱን በአንድ በአንድ ቁጥር ያልፉታል። ዮሐንስ «ጲላጦስም ኢየሱስን ይዞ ገረፈው» ይላል፣ ሌላ የለም። ፊልሙ ቆሞ ሥጋው ሲቦጨቅ ያሳያል። የኛ ትውፊት 6666 ግርፋት ይላል። ግን አርብ ዕለት ያንን የምናስበው በስግደት ነው፣ ግንባራችን መሬት ነክቶ። ዓይናችን ወደ መሬት ነው። የፊልሙ ዓይን ቁስሉ ላይ ነው። ለኔ ከካቶሊክነቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። የእማማ ልጅ የወለዳት የሰባት ዓመት ሕፃን በዚያ ሰዓት የእናቷ ነጠላ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ነበር። እኛ ስለ ሃይማኖት ስንከራከር ማናችንም ልጅቷን አላየናትም።

ሦስቱን ሳነጋግራቸው

መጀመሪያ የሄድኩት ከእማማ ልጅ ዘንድ ነው። ኤመሪክን ነገርኩት። ደስ አለው፣ «ብዬ አልነበር!» አለ። ቀጥዬ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ፊልም መስፋፋት በብዛት የሮጡት ፕሮቴስታንቶች እንደነበሩ ነገርኩት። አብያተ ክርስቲያናት የሲኒማ ቤት ትኬት በጅምላ እየገዙ ምእመናኑን ወስደዋል። ዝም አለ። እሱ የሚወደው ፊልም ሌላ ነው፤ በልጅነታችን በነጭ አቡጀዲ ላይ ያየነው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ከሉቃስ ወንጌል የተሠራው «ኢየሱስ»። «እሱ ቃሉን ብቻ ነው የያዘው» ይላል። ነገር ግን ሉቃስን ብቻ መያዝም ምርጫ ነው። «እነኋት እናትህ» የሚለው ቃል ሉቃስ ላይ የለም፣ የዮሐንስ ነው። ይህን ስለው ተቀበለኝ።

ትክክለኛ ጭንቀቱን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ልጄ ማታ ስትጸልይ ምን አለችኝ መሰለህ? 'አባዬ፣ ዓይኔን ስጨፍን ሰውየው ይመጣብኛል' አለችኝ። ተዋናዩን ማለቷ ነው። ዘጸአት 20 ላይ የተቀረጸ ምስል አታድርግ የተባለው ለዚህ አይደለም ወይ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ይሄ ጥያቄ ለሁለቱም ፊልሞች ነው፣ እሱ ለሚወደውም።

የልጅ ልጇ ጉዳይ ሚስማር ነው። ፊልሙ ላይ ጌታ የተቸነከረው በሦስት ሚስማር ነው። ሁለት ለእጆቹ፣ ሁለቱን እግሮቹን አነባብሮ አንድ። የምዕራባውያን አሳሳል ነው። በኛ አምስት ናቸው፣ ስምም አላቸው፤ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ይዟቸዋል። «አንድ ሰው አምስቱን ሦስት ሲያደርግ ዝም ልበል?» አለኝ። አነጋገሩ ደስ ይላል፣ እምነቱን ይወዳል።

እኔ ግን ያነበብኩትን ነገርኩት። እነዚህ አምስት ስሞች የተገኙት ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ ከሚሉ አምስት የላቲን ቃላት ነው። ከግራም ከቀኝም፣ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት የሚነበብ የቃላት ካሬ ነው። ጣሊያን አገር በፖምፔ ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝቷል። ፖምፔ በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው በ79 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። እንግዲህ ቃላቱ ከሮም ካቶሊክና ከኛ መለያየት በፊት የነበሩ ናቸው። ረጅም መንገድ ተጉዘው መጥተው የኛ ሆኑ። ኩርዓተ ርእሱም፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕል፣ እንዲሁ ነው። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት የሚዘምቱት፣ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ሥዕል የተሣለው በአውሮፓዊ እጅ ነው።

ልጁ ብዙ አሰበ። «እኛ ግን ተቀብለን፣ በሥርዓት አስገብተን፣ ጸልየንበት የራሳችን አድርገነዋል። ፊልሙን ማን ተቀበለው?» አለኝ። ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ያገኘሁት ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነው። አንድ ቤተክርስቲያን በዘመናት አጣርታ የያዘችው ነገርና አንድ ሰው በካሜራ ያስገባው ነገር አንድ ክብደት የላቸውም። ይህ አባባል ግን ለካቶሊኩም ይሠራል። ለዚህም ነው ወደ ቲቸር የሄድኩት።

ቲቸር ሆጃ አፍልታ ጠበቀችኝ። ከሐረር ሰው ቤት ሆጃ ሳይጠጡ አይወጣም።

«ፊልሙን ስለተቃወሙ አልተከፋሁም» አለችኝ። «እኔም ግርፋቱ ጋ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። የከፋኝ ድምፃቸው ነው። 'የካቶሊክ ነው' ሲሉ 'የተበላሸ ነው' ያሉ ነው የመሰለኝ። ሐሙስ ዕለት ጉልባኑን የቀቀልኩት እኔ አይደለሁም ወይ? ሁላችሁም አልበላችሁም?»

ምን እላታለሁ? በልተናል። እኔም በዚያ ሰዓት አፌን ይዤ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ የማላውቀውን ነገረችኝ። ቤተክርስቲያኗ ለኤመሪክ ብፅዕና የሰጠችው ፊልሙ በወጣበት ዓመት በጥቅምት ወር ነው። ነገር ግን ብፅዕናዋ ሲመረመር የብሬንታኖ መጽሐፍ ወደ ጎን ተደርጓል፤ የቱ የእሷ ቃል የቱ የገጣሚው እንደሆነ መለየት ስላልተቻለ። የግል ራእይ ደግሞ በካቶሊክ ትምህርት ምእመን የግድ እንዲያምነው የሚጠየቅ የእምነት ክፍል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ሌላ ዓይነት ፍኖተ መስቀል በሮም ጸልየዋል፤ ሁሉም ምዕራፉ ከወንጌል ብቻ የተወሰደ። ቬሮኒካ የለችበትም፣ ሦስቱ መውደቆችም የሉበትም።

«ታዲያ 'የካቶሊክ' የሚሉት የቱን ነው? እኔ ራሴ ካቶሊክ ሆኜ አላምንም ልል የምችለውን ነገር ይዘው እኔን ይሰድቡኛል?»

ቃሉ ለምን ይከብዳል

ይህን ስታነቡ «አንዲት ቃል ናት፣ ምን አካበዳችሁት» የምትሉ ትኖራላችሁ። በኛ አገር ግን ይቺ ቃል ብቻዋን አትመጣም። አፄ ሱስንዮስ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) በሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ትምህርት ካቶሊክነትን በ1614 ዓ.ም. በይፋ ተቀበለ። ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ከዚያ ደግሞ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ ግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱ አለቁ። የፈጀው የፋሺስት ጦር ነው። የሕዝብ ትዝታ ግን ጦሩንና የሮምን ሃይማኖት ለይቶ አያስቀምጥም። እማማ አባቷ የነገሯትን ስታወራ ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው።

በኛ በኩል ግን ሌላም ትዝታ አለ፣ ሰው የማያነሳው። ቁልቢ ገብርኤልን ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው። እማማ በየዓመቱ የምትሄድበትን ቁልቢን። እኚሁ ራስ መኮንን ልጃቸውን ተፈሪን እንዲያስተምሩላቸው የሰጡት ለማን ነው? ሐረር ለነበሩት ለካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ለአባ እንድርያስ ያሮሶ ነው። ያሮሶ ደግሞ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን፣ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ካህን፣ መምህር አድርገው መደቡላቸው። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. ተፈሪ በነበሩበት ጀልባ ሐረማያ ሐይቅ ውስጥ ሰጥመው ሞቱ። ተፈሪ ተረፉ። ከድሬ ወደ ሐረር ስንወጣ የምናልፈው ሐረማያ ነው። ስንት ጊዜ አልፌው ይህን አስቤ አላውቅም።

ለእማማ ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ ቆየች። «ራስ መኮንን? የቁልቢው?» አለችኝ። «አዎ።» «ልጃቸውን ለካቶሊክ ሰጡ?» «አዎ እማማ።» ከዚያ ወዲያ ምንም አልጨመረችም።

ዳግማይ ትንሣኤ

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ማታ ሁሉንም ቡና ጠራኋቸው። ቲቸርን ራሷ እማማ ሄዳ በእጇ ይዛ አመጣቻት። ቴሌቪዥን አልወጣም። ደብተሬን ይዤ ትዕይንት በትዕይንት አነበብኩ። ይሄ ከወንጌል። ይሄ ከኤመሪክ። ይሄ ከፍኖተ መስቀል። ይሄ ከራሱ ከፊልም ሠሪው። ጴጥሮስ ከካደ በኋላ እመቤታችን እግር ሥር ወድቆ «እናቴ» ሲላት ያለውን ስንደርስ የእማማ ልጅ ወዲያው «የቱ ነው?» አለ። ወንጌል ላይ የለም አልኩት። ቲቸርም «የለም» አለች። ሁለቱ ተያዩ።

የጲላጦስ ሚስት ጋ ስንደርስ ደግሞ የእማማ የልጅ ልጅ ገባ። «እሷን እኛ አብሮቅላ ነው የምንላት። ስንክሳራችን እሷንም ጲላጦስንም ያስባቸዋል» አለ። የእማማ ልጅ ሳቀ፣ «ጲላጦስንም?» አለ። ልጁ ኮስተር ብሎ «አዎ ጋሼ» አለው። እዚህ ላይ ቲቸር የማታውቀውን ሰማች፤ በሷ ቤተክርስቲያን ጲላጦስ ቅዱስ አይባልም።

የእማማ ልጅ ሳይጠየቅ ወደ ቲቸር ዞረ። «ያን ቀን የተናገርኩት አንቺን አልነበረም። ግን አንቺን ነክቷል። ይቅር በይኝ» አለ። «ልጅሽን ይዘሽ ነይ፣ ቀለም አስጠናታለሁ» አለች ቲቸር ወደ ሚስቱ ዞራ። መልሷ ይሄ ነበር።

ሁሉም ነገር አልተፈታም። የእማማ ልጅ ዛሬም ምስል ያለበትን ፊልም ቤቱ አያስገባም፤ የሚወደውን የሉቃሱንም ጨምሮ ትቶታል። የእማማ የልጅ ልጅ ጌታን ተዋናይ ሊወክለው አይገባም የሚል አቋሙ እንዳለ ነው። እማማ ግን ደም የሚታበስበትን ቦታ ልታይ ትፈልጋለች። «አልሆነም ካላችሁም፣ እናት ብሆን የማደርገው እሱን ነበር» ትላለች። ልጆች አይመልከቱ የሚለውን ግን ማንም አልተቃወመም። በቀጣዩ ዓመት ቀዳም ስዑር በረንዳው ላይ ዮሐንስ 18ንና 19ን አነበብን። አንባቢው የእማማ ልጅ ነበር፤ ድምፁ ጥሩ ነው።

የቀረ አንድ ነገር ነበር። ከእማማ አልጋ ራስጌ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። ከ40 ዓመት በፊት ቁልቢ ላይ ከነጋዴ የገዛችው ነው። ጌታ ልቡ በደረቱ ላይ ታይቶ፣ በእሾህ ተከቦ፣ እሳት ከላዩ ይነድዳል። ቅዱስ ልብ የሚባለው የካቶሊኮች ሥዕል ነው። የልጅ ልጇ ይህን ካወቀ ጀምሮ «እናውርደው» ይላታል። ያን ማታ ቡናው ካለቀ በኋላ እማማ ገብታ ሥዕሉን በነጠላዋ ጠርጋ ይዛው ወጣች። ቲቸር ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ የናንተ ነው አሉኝ። ሳላውቅ ነው 40 ዓመት የጸለይኩበት። ውሰጂው፣ ባለቤቱ አንቺ ነሽ።»

ቲቸር ሥዕሉን ብዙ አየችው። መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ከክፈፉ ሥር የቁልቢ ጧፍ ጥቀርሻ አለ።

«አንቺ ጋ ይቆይ እማማ» አለች። የእማማ የልጅ ልጅ ተነስቶ ከእጇ ተቀበላት። ወደ ውስጥ ገባና ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው።